የዓመቱ ልፋት በአንድ ምሽት፦ የአሜሪካ ሴቶች ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ

ጎተም የተባለው የኒው ጀርሲና የኒው ዮርክ ክለብ የ2025ን የውድድር ዘመን በ36 ነጥብ ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ። አንደኛ የወጣው ካንሳስ ሲቲ ከረንት 65 ነጥብ ሰብስቦ ነበር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ስንከታተል ላደግን ሰዎች ወሬው እዚህ ላይ ያልቃል። አንደኛው ዋንጫውን ይወስዳል፣ ስምንተኛው ለከርሞ ይዘጋጃል።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። ጎተም ወደ ጥሎ ማለፉ በመጨረሻዋ ቦታ ሾልኮ ገባና በሩብ ፍጻሜው ያንኑ ካንሳስ ሲቲን በገዛ ሜዳው፣ በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሰናበተ። ቀጥሎ ኦርላንዶ ድረስ ሄዶ ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ኦርላንዶ ፕራይድን ገጠመ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጄይደን ሾው በቅጣት ምት ባስቆጠረችው ግብ 1 ለ 0 ረታ። ኖቬምበር 22 ቀን በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከዋሽንግተን ስፒሪት ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ ሮዝ ላቬል በ80ኛው ደቂቃ የጨዋታውን ብቸኛ ግብ አገባች። ስምንተኛው ቡድን የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ዝቅ ካለ ደረጃ ተነስቶ ዋንጫውን ያነሳ ቡድን አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ያስተዋውቃል፤ አሠራሩን፣ አመጣጡን፣ እንዲሁም ከአንድ ዋንጫ በላይ ትርጉም ያገኘበትን ምክንያት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሻና ዋንጫ

ሊጉ ብሔራዊ የሴቶች እግር ኳስ ሊግ ይባላል፤ ተከታታዮቹ ባጭሩ ኤንደብሊውኤስኤል ይሉታል። በ2013 በስምንት ክለቦች ተጀምሮ በ2025 አሥራ አራት ደርሷል፤ ለ2026 ደግሞ ቦስተንና ዴንቨር ተጨምረው አሥራ ስድስት ሆነዋል። የውድድር ዘመኑ በመጋቢት አካባቢ ይጀመርና በኅዳር ይዘጋል። በ2025 እያንዳንዱ ክለብ 26 መደበኛ ጨዋታዎችን አድርጓል።

በእነዚህ ጨዋታዎች ብዙ ነጥብ የያዘው ቡድን ጋሻ ይሸለማል። ጋሻው ትልቅ ክብር ነው፣ የሻምፒዮንነት ማዕረግ ግን አይሰጥም። ማዕረጉ የሚገኘው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጥሎ ማለፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደዚህ ዙር ያልፉ የነበሩት አራት ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ፣ ከ2021 ጀምሮ ስድስት፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ስምንት ሆነዋል። በሩብ ፍጻሜውና በግማሽ ፍጻሜው በሰንጠረዡ የተሻለ ደረጃ ያለው ቡድን በሜዳው ይጫወታል። ደርሶ መልስ የለም፤ አንድ ጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ይሰናበታል።

ለፍጻሜው የሜዳ ባለቤት የሚባል ነገር ይቀራል። ሊጉ ከተማውንና ስታዲየሙን አስቀድሞ ስለሚመርጥ ሁለቱም ቡድኖች እንግዳ ሆነው የመግባት ዕድላቸው ሰፊ ነው። አሸናፊ በ90 ደቂቃ ካልተለየ 30 ደቂቃ ይጨመራል፤ እሱም ካልለየ መለያ ምት ይመታል። እስከ 2025 ከተደረጉት 12 የፍጻሜ ጨዋታዎች ወደ መለያ ምት የደረሰው አንድ ብቻ ነው።

ጋሻውን የወሰደ ቡድን ዋንጫውንም ይደግማል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ከ12ቱ ዓመታት ሁለቱንም በአንድ የውድድር ዘመን ያነሱት በ2018 እና በ2019 ኖርዝ ካሮላይና ከሬጅ፣ በ2024 ደግሞ ኦርላንዶ ፕራይድ ብቻ ናቸው። በዘጠኙ ዓመታት የሰንጠረዡ አንደኛ ዋንጫው በሌላ ቡድን እጅ ሲነሳ አይቷል። የሲያትሉ ሬይን በ2014፣ በ2015 እና በ2022 ጋሻውን ወስዷል፤ ሦስት ጊዜም ለፍጻሜ ደርሷል። ዋንጫውን ግን አንድም ጊዜ አላነሳም።

ይህ ፍትሐዊ ነው? ስምንት ወር የለፋ ቡድን በአንድ ክፉ ቀን ሁሉን ማጣት አለበት ወይ የሚለው ቅሬታ ባዶ አይደለም። ለዚያም ነው ጋሻው ራሱን የቻለ ክብር ሆኖ የቆመው። ሆኖም የሴቶች እግር ኳስ ለረጅም ዘመን የጎደለው ማንም አላየሁም፣ አልሰማሁም ሊል የማይችልበት አንድ ቀን ነበር። ያንን ቀን የሰጠው የፍጻሜው ጨዋታ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰንጠረዡ ፍልሚያ በየሳምንቱ ተበታትኖ ያልፋል፤ የፍጻሜው ምሽት ግን ሀገሩን ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበስባል።

ሁለት ምሽቶች

የአንድ ጨዋታ ፍልሚያ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማየት ኦክቶበር 9 ቀን 2016 ሂዩስተን የተደረገውን ጨዋታ ማስታወስ ይበቃል። ዋሽንግተን ስፒሪት በክሪስታል ደን ሁለት ግቦች 2 ለ 1 እየመራ ተጨማሪው 30 ደቂቃ አልቋል። ዳኛው የጨመሩት ደቂቃም ወደ መገባደዱ ነው። የዌስተርን ኒው ዮርክ ፍላሽ አጥቂዋ ሊን ዊሊያምስ በ124ኛው ደቂቃ የተሻገረላትን ኳስ በጭንቅላቷ ገጭታ መረብ ላይ አሳረፈችው። 2 ለ 2። በመለያ ምቱ የፍላሽ ግብ ጠባቂ ሳብሪና ዳንጄሎ ሦስት ኳሶችን አድናለች። የ90 ደቂቃው፣ የ120 ደቂቃውም ልፋት ተገልብጦ ዋንጫው ወደ ኒው ዮርክ ሄደ።

ያችው ሊን ዊሊያምስ ከሰባት ዓመት በኋላ በጎተም መለያ ለፍጻሜ ቀረበች። ኖቬምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ ቦታው ሳን ዲዬጎ፣ ስናፕድራገን ስታዲየም፤ ተመልካቹ 25,011 ሰው። ያ ምሽት ሁለት የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አንጋፋዎች ጫማ የሚሰቅሉበት ነበር፤ የጎተም ተከላካይ አሊ ክሪገርና የሬይን ኮከብ ሜጋን ራፒኖ። ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ ራፒኖ ማንም ሳይነካት ሜዳው ላይ ወደቀች። የተረከዝ ጅማቷ ተጎድቶ ነበርና የመጨረሻ ጨዋታዋ በጥቂት ደቂቃ ተቋጨ። ዊሊያምስ ለጎተም የመጀመሪያውን ግብ አስቆጠረች፤ ሮዝ ላቬል ወዲያው ለሬይን አቻ አደረገች። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ሚጅ ፐርስ ያሻማችውን የማዕዘን ምት ስፔናዊቷ ኤስተር ጎንዛሌዝ በጭንቅላቷ አስገባችው፤ 2 ለ 1።

የዚያ ጨዋታ ትልቁ ጭንቅ ግን መጨረሻው ላይ ተቀምጦ ነበር። በጭማሪው ደቂቃ የጎተም ግብ ጠባቂ ማንዲ ሃት ከግብ ክልሏ ወጥታ ኳስ በእጅ ነካች። ነገሩ በቫር ታይቶ ቀይ ካርድ ተመዘዘባት። ጎተም የተጫዋች ቅያሪውን ጨርሷል፤ ከወንበር የሚነሳ ግብ ጠባቂ የለውም። አማካይዋ ኒሊ ማርቲን የግብ ጠባቂ መለያና ጓንት አጥልቃ በሕይወቷ ትልቁ ጨዋታ ላይ ግቡ መሐል ቆመች። ከፊቷ የቅጣት ምት ለመምታት የተዘጋጀችው ላቬል ነበረች፤ በዓለም ካሉ ጥሩ ግራ እግሮች አንዱ የእሷ ነው። ላቬል መታች፤ ኳሱ ተደርድረው በቆሙት ተከላካዮች ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ፊሽካው ሲነፋ በቀደመው ዓመት የሰንጠረዡ መጨረሻ የነበረው ጎተም ሻምፒዮን ሆነ።

ላቬል በዚያ ምሽት ያጣችውን ዋንጫ ያገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ የጎተምን መለያ ለብሳ ነው፤ የ2025ቱን የፍጻሜ ግብ ያስቆጠረችውም እሷ ናት።

ዋንጫ ይዘው የጠፉ ክለቦች

ዛሬ ሙሉ ስታዲየም ያየ ሰው ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ሊዘነጋ ይችላል። አሜሪካ ከዚህ ሊግ በፊት ሁለት የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊጎችን አቋቁማ ሁለቱንም ቀብራለች። የመጀመሪያው በ2001 ጀመረ። በኦገስት 2003 የፍጻሜው ጨዋታ ሳን ዲዬጎ ላይ ተደርጎ ዋሽንግተን ፍሪደም በአቢ ዋምባክ ሁለት ግቦች አትላንታ ቢትን 2 ለ 1 አሸነፈ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የሴቶች ዓለም ዋንጫ በዚያው በአሜሪካ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ሊጉ ገንዘብ አልቆበት ተዘጋ። ዋንጫ ያነሱት ተጫዋቾች ዋንጫቸውን የሚከላከሉበት ውድድር አልነበራቸውም። ሁለተኛው ሊግ በ2009 ተነስቶ ሦስት የፍጻሜ ጨዋታዎችን ብቻ አሳይቶ በ2012 ፈረሰ።

ሦስተኛው፣ የአሁኑ ሊግ፣ በጥንቃቄና በቁጠባ ነበር የጀመረው። በ2013 የአንዲት ተጫዋች ዝቅተኛ ክፍያ ለውድድር ዘመኑ 6,000 ዶላር ነበር። ብዙዎቹ ሌላ ሥራ እየሠሩ፣ ፈቃደኛ ቤተሰቦች ቤት እየተጠለሉ ይጫወቱ ነበር። የመጀመሪያው ፍጻሜ ሮቸስተር ላይ ሲደረግ ፖርትላንድ ቶርንስ በአንድ ተጫዋች ጎድሎ ዌስተርን ኒው ዮርክ ፍላሽን 2 ለ 0 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ሲያትል አቅራቢያ በምትገኝ ትንሽ ስታዲየም የፍጻሜውን ጨዋታ ያየው ሰው ከ4 ሺህ ብዙም አይበልጥም።

ዋንጫ ማንሳትም ዋስትና አልነበረም። ኤፍሲ ካንሳስ ሲቲ በ2014 እና በ2015 ተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ሬይንን ሲሆን የአሸናፊነቱን ግቦች ያስቆጠረችው ኤሚ ሮድሪጌዝ ነበረች። በ2017 መጨረሻ ክለቡ ፈረሰ፤ ተጫዋቾቹ ወደ ዩታ ሄዱ። የ2016ቱ ሻምፒዮን ፍላሽም ዋንጫውን ባነሳ በሦስት ወሩ ተሸጦ ወደ ደቡብ ሄደና ኖርዝ ካሮላይና ከሬጅ ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ሻምፒዮኖች እስከ ዛሬ በስሙና በከተማው የቆየው ፖርትላንድ ብቻ ነው።

የካንሳስ ሲቲ ታሪክ በዚህ አላበቃም። ከተማዋ በ2021 አዲስ ክለብ ይዛ ተመለሰች፤ እሱም ዛሬ ከረንት የሚባለው ነው። ክለቡ በ2024 መጋቢት ወንዝ ዳር 11,500 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ከፈተ። በዓለም ላይ ለሴቶች ፕሮፌሽናል ክለብ ተብሎ ከመሠረቱ የተገነባ የመጀመሪያው ስታዲየም ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሊጉ ፍጻሜ እዚያ ተደረገ። ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ክለቧን ያጣች ከተማ በሰባት ዓመት ውስጥ ለሴቶች ብቻ በተሠራ ሜዳ ላይ ፍጻሜውን አስተናገደች።

ሰዓቱን ያስቀየሩት ተጫዋቾች

የፍጻሜ ጨዋታ መቼና የት እንደሚደረግ መወሰን ቀላል የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላል። በ2021 ግን ሊጉ ለተጫዋቾቹ ያለው ግምት የተለካው በዚህ ነበር። የዚያ ዓመት ፍጻሜ ፖርትላንድ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲጀመር ተወስኖ ነበር። ምክንያቱ ቴሌቪዥን ነው፤ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ያን ጊዜ እኩለ ቀን ይሆናል። ለዋንጫ የሚጫወቱ ሴቶች ግን ሌሊት ተነስተው ሰውነት ማሟሟቅ ነበረባቸው። ተጫዋቾቹ ተቃወሙ፤ ሊጉም ጨዋታውን በኬንታኪ ግዛት ወደምትገኘው ሉዊቪል አዛወረው። እዚያ ዋሽንግተን ስፒሪት ቺካጎ ሬድ ስታርስን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ትሪኒቲ ሮድማን ያሻገረችውን ኬሊ ኦሃራ በጭንቅላቷ አስገብታ።

ያ ዓመት ከሰዓት ጉዳይ የከበደ ነገርም ነበረው። በሴፕቴምበር መጨረሻ የቀድሞ ተጫዋቾች በአንድ ስመ ጥር አሠልጣኝ ላይ ያቀረቡት የወሲብ ማስገደድ ክስ ለሕዝብ ወጣ። አሠልጣኙ ተባረረ፣ የሊጉ ኮሚሽነር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ የዚያ ሳምንት ጨዋታዎች በቀናቸው ሳይደረጉ ቀሩ። ውድድሩ ሲቀጥል ተጫዋቾች በ6ኛው ደቂቃ ኳሱን አቁመው በመሐል ሜዳው ክብ ላይ ተቃቅፈው ቆሙ፤ አቤቱታው ሰሚ አጥቶ የቆየበትን ስድስት ዓመት ለማሳሰብ። በ2022 ይፋ የሆነው ገለልተኛ ምርመራ በደሉ በሊጉ ውስጥ ሥር የሰደደ እንደነበር አረጋገጠ፤ በ2023 መጀመሪያም አራት አሠልጣኞች ከሊጉ እስከ መጨረሻው ታገዱ። ከእነሱ አንዱ በ2016፣ በ2018 እና በ2019 ዋንጫ ያነሱትን ቡድኖች ያሠለጠነው ሰው ነበር። የእነዚያ ድሎች ክብር ሜዳ ላይ ላባቸውን ላፈሰሱት ተጫዋቾች ነው፤ ዋንጫ ግን ብዙ ነገር እንደሚሸፍንም ያስተምራሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የተጫዋቾቹ ድምፅ ውጤት ነው። በ2022 የፍጻሜው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ትልቁ የቴሌቪዥን ሰዓት፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ለመላው ሀገር ተላለፈ። በ2023 ሊጉ ለአራት ዓመት የ240 ሚሊዮን ዶላር የስርጭት ውል ፈረመ። በ2024 የተጫዋቾች ማኅበሩ ባገኘው የኅብረት ስምምነት ዝቅተኛው ክፍያ በ2025 48,500 ዶላር ደርሷል፤ በ2030 82,500 ይሆናል። የኮሌጅ ተጫዋቾች ሳይጠየቁ ለክለብ የሚደለደሉበት የምርጫ ሥርዓትም ቀርቷል።

አፍሪካ፣ ሳን ሆዜና ማለዳ

የ2024ቱን ፍጻሜ የወሰነችው አፍሪካዊት ናት። ዛምቢያዊቷ ባርብራ ባንዳ በ37ኛው ደቂቃ ከአንጀሊና የተቀበለችውን ኳስ እየገፋች ሳጥን ውስጥ ገብታ አስቆጠረች፤ ኦርላንዶ ዋሽንግተንን 1 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ባንዳ የጨዋታው ኮከብ ተባለች። ከ2017 ጀምሮ ከክለቡ ያልተለየችው ብራዚላዊቷ ማርታም በ38 ዓመቷ የዚህን ሊግ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳች። በዚያው ዓመት የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢና ምርጥ ተጫዋች የማላዊዋ ቴምዋ ቻዊንጋ ነበረች፤ 20 ግቦች።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ሊግ ታሪክ ውስጥ የቀረበ ስም አለ፤ ናኦሚ ግርማ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ሳን ሆዜ ተወልዳ ኳስ የጀመረችው ማለዳ በተባለ፣ አባቷ ከሌሎች የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ለልጆቻቸው ባቋቋሙት ቡድን ነው። በ2022 ሳን ዲዬጎ ዌቭ ከአዳዲስ ተጫዋቾች ሁሉ አስቀድሞ መረጣት። በመጀመሪያ ዓመቷ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ምርጥ ተከላካይም ተብላ በ2023 የተከላካይነቱን ሽልማት ደገመችው።

ያ 2023 የጋሻና የዋንጫን ልዩነት ለእሷ በመራራ መንገድ ያስተማረ ዓመት ነው። ዌቭ ጋሻውን ወሰደ። ፍጻሜው የሚደረግበት ስናፕድራገን ስታዲየምም የራሱ ሜዳ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ግን በዚያው ሜዳ በሬይን 1 ለ 0 ተሸነፈና በቤቱ የተደገሰውን ፍጻሜ ሌሎች ተጫወቱት። ናኦሚ በጃንዋሪ 2025 በዝውውር ታሪክ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆና ወደ ቼልሲ ሄደች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሊጉ ፍጻሜ ማለዳ ኳስ ባስተማራት ከተማ፣ በሳን ሆዜ፣ ተደረገ።

ሌላም በር ተከፍቷል። በ2024 በተጀመረው ሌላው የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ውስጥ የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ የሉሲዎቹ፣ አጥቂ ሎዛ አበራ ለዲሲ ፓወር ፈርማለች፤ የክለቡ ሜዳ ኦዲ ፊልድ የዋሽንግተን ስፒሪትም ሜዳ ነው፣ የ2022ቱ ፍጻሜም የተደረገው እዚያ ነበር። የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሐበሻ የሴቶችን ኳስ ለማየት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም።

ለሚያይ ሰው

ፍጻሜው በኅዳር ወር፣ በአንዱ ቅዳሜ ምሽት ይደረጋል፤ በኢትዮጵያ ሰዓት እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም። ስታዩ ሰንጠረዡን አትመኑ፤ ከ2022 ወዲህ የተደረጉት ፍጻሜዎች በሙሉ በአንድ ወይም በሁለት ግብ ልዩነት ያለቁ ናቸው። የግብ ጠባቂዎቹን ቆራጥነትና የቆሙ ኳሶችን ልብ በሉ፤ የሊጉ ዋንጫ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ተነስቷል። ተቀያሪዎቹንም አትናቁ፤ በስምንት ወር የደከመ ቡድን ውስጥ ትኩስ እግር ትልቅ ሀብት ነው።

በ2003 ከፍጻሜው በኋላ የተጫዋቾቹ ጥያቄ «ለከርሞ ሊግ ይኖራል ወይ?» የሚል ነበር፤ መልሱም የለም ሆነ። በ2025 ሳን ሆዜ ላይ ፊሽካው ሲነፋ የተነሳው ጥያቄ «ለከርሞ ከጎተም ላይ ዋንጫውን ማን ይነጥቀዋል?» የሚል ነው። ተጫዋቾች ይህን ተራ የስፖርት ጥያቄ ለመጠየቅ ከሃያ ዓመት በላይ ታግለዋል፤ ትልቁ ድላቸውም ይኸው ነው።